ቀጥ ያለ መስመር ከየት ይመጣል? የክብ መጋዝ መምሪያ ሐዲድ በቤት ውስጥ ሲሠራ

በካሊፎርኒያ ግዛት በኦክላንድ ከተማ፣ ቴሌግራፍ በተባለው ረጅም ጎዳና ላይ ቴመስካል የሚባል ሰፈር አለ። በዚህ ጎዳና ላይ የሚሄድ መንገደኛ ከምግብ ቤቶቹ የሚወጣው የወጥና የቡና ሽታ ይቀበለዋል። የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች ለዐሥርት ዓመታት ሲገናኙበት የኖረ አካባቢ ነው። በዚሁ ጎዳና ዳር እ.ኤ.አ. በ1918 የተከፈተ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ቅርንጫፍ ይገኛል። ቅርንጫፉን ዝነኛ ያደረጉት መጻሕፍቱ ብቻ አይደሉም። ነዋሪው በአባልነት ካርዱ መጽሐፍ እንደሚዋስ ሁሉ መዶሻ፣ መሰላል፣ መሰርሰሪያና የኤሌክትሪክ መጋዝም ከዚያ ተውሶ ይሄዳል።

የዚህ አገልግሎት መነሻ መከራ ነበር። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1991 በኦክላንድና በበርክሌይ ኮረብታዎች ላይ የተነሣው ቃጠሎ 25 ሰዎችን ገድሎ ከ3 ሺህ በላይ መኖሪያ ቤቶችን አወደመ። የኦክላንድ ቤተ መጻሕፍት የእጅ መሣሪያ ማዋስ የጀመረው ከዚያ አደጋ በኋላ ቤታቸውን መልሰው የሚሠሩ ነዋሪዎችን ለመርዳት ነው። ጎረቤቷ በርክሌይ ደግሞ ተመሳሳይ አገልግሎት የጀመረችው ቀደም ብላ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ነበር።

ስለዚህ በኦክላንድ የሚኖር ሰው መጋዝ ለመግዛት ገንዘብ ባይኖረውም መጋዝ ማግኘት አይቸግረውም። ችግሩ የሚጀምረው መጋዙ ቤት ከገባ በኋላ ነው። ለመጻሕፍት መደርደሪያ፣ ለአልጋ ወይም ለወጥ ቤት ቁም ሳጥን የተገዛው ኮምፔንሳቶ 4 በ8 ጫማ፣ ማለትም 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ከሆነ ክብደቱ ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል። ሠሪው በእርሳስ መስመር ያሰምራል፤ መጋዙን በሁለት እጁ ይይዛል፤ መስመሩን እያየ ይገፋል። ሲጨርስ ግን ጠርዙ እንደ እባብ ተጠማዟል። ከሌላው ሳንቃ ጋር ሲገጥሙት በመካከል ብርሃን ያሳልፋል።

ከኦክላንድ ወደ ደቡብ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሳን ሆዜም ነገሩ ያው ነው። የቤት ዋጋ እጅግ በናረበት በዚያ አካባቢ ብዙ ቤተሰብ የመኪና ማቆሚያውን ወደ ሥራ ቦታ፣ ወደ ዕቃ ቤት ወይም ተገቢውን የከተማ ፈቃድ አውጥቶ ወደ መኖሪያ ይለውጣል። የካሊፎርኒያ ግዛት ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋላቸው ሕጎች በግቢ ውስጥ ተጨማሪ ቤት መሥራትን ካቀለለ ወዲህ ይህ ሥራ በርክቷል። በአካባቢው የባለሙያ የቀን ዋጋ ከፍተኛ በመሆኑም መደርደሪያውንና ቁም ሳጥኑን በገዛ እጁ ለመሥራት የሚነሣው ሰው ጥቂት አይደለም።

ለዚህ ችግር ገበያው ያዘጋጀው መልስ በአሉሚኒየም ሐዲድ ላይ እየተንሸራተተ የሚቆርጥ ልዩ መጋዝ ነው። የመምሪያ ሐዲድን ሐሳብ በ1960ዎቹ ወደ ገበያ ያመጣው የጀርመኑ ፌስቶ ኩባንያ ሲሆን፣ ዛሬ በርካታ አምራቾች ይሠሩታል። ከታዋቂዎቹ አምራቾች የሚወጣው ከነሐዲዱ ከ500 ዶላር በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ሌላው አማራጭ የጠረጴዛ መጋዝ ነው። እርሱም ውድ ከመሆኑ በላይ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ በአሜሪካ ብቻ በየዓመቱ በዚህ መሣሪያ ስለት ተቆርጠው ወደ ሕክምና የሚሄዱት ሰዎች ቁጥር 30 ሺህ ገደማ እንደሚደርስ የአገሪቱ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ሲገልጽ ቆይቷል። ሦስተኛው መንገድ በሁለት ቁራጭ እንጨት፣ በኮላና በጥቂት ብሎኖች የሚሠራ የቤት ሐዲድ ነው። ውጤቱ ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር የሚያሳፍር አይደለም። ለምን እንደሚሠራ ለመረዳት ግን መጀመሪያ መጋዙ ያለ ሐዲድ ለምን እንደሚስት ማየት ያስፈልጋል።

ሩብ ዲግሪ

በእጅ የሚያዘው የኤሌክትሪክ ክብ መጋዝ፣ አናጢዎች ሰርኩላር የሚሉት፣ የመቶ ዓመት ዕድሜ ያለው መሣሪያ ነው። ኤድመንድ ሚሼል የተባለው አሜሪካዊ ፈጣሪ ከሸሪኩ ከጆሴፍ ሳሊቫን ጋር ይህን መጋዝ ለመሸጥ ኩባንያ ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1924 ነበር። ዛሬ በአሜሪካ በብዛት የሚሸጠው ዓይነት 7 ከሩብ ኢንች ወይም 184 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ዲስክ ያዞራል። አንድ የተለመደ ሞተር ዲስኩን ያለ ጭነት በደቂቃ 5,800 ጊዜ ያህል ያሽከረክረዋል። ሲሰላ የጥርሱ ጫፍ በሰከንድ 56 ሜትር፣ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል ማለት ነው።

ዲስኩ 24 ጥርስ ካለው በየሰከንዱ ከ2,300 በላይ ጥርሶች እንጨቱን ይመታሉ። ሠሪው መጋዙን በሰከንድ አምስት ሴንቲ ሜትር ቢገፋ እያንዳንዱ ጥርስ የሚያነሣው ፍቅፋቂ 0.02 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሰው ፀጉር ይቀጥናል። መጋዙ እንጨቱን እንደ ቅቤ ሲያልፍ የምናየው ለዚህ ነው። የሚያስቸግረው መቁረጡ ሳይሆን አቅጣጫውን መጠበቁ ነው።

የዲስኩ ጥርሶች ከአካሉ በጥቂቱ ሰፋ ብለው ይሠራሉ። ለምሳሌ በቀጫጭኖቹ ዲስኮች ጥርሱ 1.5 ሚሊ ሜትር፣ አካሉ ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ዲስኩ በቆረጠው ቦይ ውስጥ በግራና በቀኝ የሚቀረው ክፍተት ሩብ ሚሊ ሜትር ነው። ዲስኩ ከ18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ በታች ስድስት ሚሊ ሜትር ብቻ ብቅ እንዲል ተደርጎ ቢስተካከል፣ እንጨቱ ውስጥ ያለው የዲስክ ርዝመት 12.4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በዚህ ርዝመትና በዚያ ክፍተት ሲሰላ፣ ዲስኩ ከመስመሩ ሩብ ዲግሪ ያህል ዞር እንዳለ አካሉ የቦዩን ግድግዳ መንካት ይጀምራል።

የሰው አንጓ በ244 ሴንቲ ሜትር ጉዞ ላይ፣ ሞተር እየተንቀጠቀጠ፣ ሰጋቱራ ዓይን እየሸፈነ፣ ሠሪው እየተራመደ ሩብ ዲግሪ መጠበቅ አይችልም። የሰለጠነ አናጢ ይጠጋዋል፤ ሌላው ሰው ግን አይደርስበትም። ሠሪው ከመስመር መውጣቱን አይቶ መጋዙን ለመመለስ ሲጠመዝዘው ነገሩ ይብሳል። ዲስኩ ከቦዩ ግድግዳ ጋር ይታገላል፤ እንጨቱ ይጠቁራል፤ የተቃጠለ እንጨት ይሸታል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው አደጋ ነው። ዲስኩ ሲዞር የፊቱ ጥርሶችም የኋላዎቹም በየፊናቸው ሥራ አላቸው፤ የኋላዎቹ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያም ወደ ፊት ይሄዳሉ። ዲስኩ በቦዩ ውስጥ ከተጨመቀ ያ ሁሉ ኃይል ዲስኩን ከመቁረጥ ይልቅ መጋዙን ራሱን ከእንጨቱ ፈንቅሎ ወደ ሠሪው ይወረውረዋል። ይህ የሚሆነው በሰከንድ ክፋይ ስለሆነ እጅን ለመሰብሰብ ጊዜ አይሰጥም። ሐዲድ የመጋዙን መጠማዘዝ ስለሚከለክል ከዚህ አደጋ ዋነኛ መንስኤዎች አንዱን ያስወግዳል። ለሐዲዱ የሚከፈለው ድካም በመጀመሪያ የሚመለሰው በጣቶች ነው፤ የጠርዙ ውበት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

የመጀመሪያው ቀጥታ

ሐዲድ ለመሥራት ቀጥ ያለ ጠርዝ ያስፈልጋል። ቀጥ ያለ ጠርዝ ለመቁረጥ ደግሞ ሐዲድ ያስፈልጋል። ታዲያ የመጀመሪያው ቀጥታ ከየት ይገኛል?

ይህ ጥያቄ የልጅ እንቆቅልሽ ቢመስልም የመላው ኢንዱስትሪ መሠረት ነው። ግንበኛ ቱንቢ ሲያንጠለጥል ቀጥታውን የሚዋሰው ከመሬት ስበት ነው፤ ገመድ ወጥሮ ድንጋይ ሲደረድር ደግሞ ከውጥረት ይዋሳል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1840 ፍጹም ጠፍጣፋ የብረት ገጽ እንዴት እንደሚገኝ ሲያስረዳ ሦስት ሰሌዳዎችን እርስ በርስ ማነጻጸርን መርጧል። ሁለት ሰሌዳዎች ብቻ ቢሆኑ አንዱ ጎድጉዶ ሌላው አብጦ ሊገጣጠሙ ይችላሉ። ሦስቱ በየጥንዳቸው የሚገጥሙት ግን ሁሉም ጠፍጣፋ ሲሆኑ ብቻ ነው። ከእርሱ በፊት ማንም የበለጠ ቀጥ ያለ ነገር ባይሰጠው እንኳ በማነጻጸር ብቻ ቀጥታን ማግኘት ይቻላል ማለት ነው።

በመኪና ማቆሚያ ውስጥ የሚሠራ ሰው ይህንኑ ብልሃት በእርሳስ ይጠቀምበታል። ቀጥ ያለ የሚመስለውን ሳንቃ በሰፊ ሰሌዳ ላይ አስተኝቶ በጠርዙ ልክ ቀጭን መስመር ያሰምራል። ከዚያ ሳንቃውን ይገለብጠዋል፤ ላይ የነበረው ፊት ታች ይሆናል፤ ያንኑ ጠርዝ ከመስመሩ ማዶ አምጥቶ ሁለቱን ጫፎች ከመስመሩ ጫፎች ጋር ያገጥምና ሁለተኛ መስመር ያሰምራል። ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ ካረፉ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። በመካከል ከተለያዩ ግን ጠርዙ ጎብጧል፤ የሚታየው ልዩነት የእውነተኛው ጉብጠት እጥፍ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ክፍተት ከታየ ጠርዙ የጎበጠው በግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። ስሕተትን አጉልቶ የሚያሳይ መለኪያ ያለ ምንም ወጪ መገኘቱ ደስ ያሰኛል።

ለሐዲድ የሚሆን ጠርዝ ከዛፍ በተሰነጠቀ ጣውላ ላይ መፈለግ አይመከርም። ጣውላ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ በዚህ ሂደት ይጠማዘዛል። በኦክላንድ ወደብ አቅራቢያ ጉም በሚያርሰው ቤትም ሆነ በሳን ሆዜ ደረቅ በጋ፣ በአዲስ አበባ ክረምትም ሆነ በባሕር ዳር ፀሐይ ጠባዩ ያው ነው። ኤምዲኤፍ የተባለው ከተፈጨ እንጨትና ከሙጫ ተጨምቆ የሚሠራው ሰሌዳ ግን በሁሉም አቅጣጫ ተመሳሳይ ጠባይ ስላለው ቅርጹን ይጠብቃል፤ ውኃ ካልነካው በቀር። የፋብሪካው የሰሌዳ ጠርዝ ብዙውን ጊዜ በጣም ቀጥ ያለ ነው። ስለዚህ ቁራጩን ከመደብር ሲያስቆርጡ አንደኛው ጎን የፋብሪካው ጠርዝ እንዲሆን ጠይቆ፣ በእርሳስ ምልክት ማድረግ ይገባል። ወደ ቤት ሲገባ ከምልክቱ በቀር ሁለቱን ጠርዝ በዓይን መለየት አይቻልም።

መጋዙ የገዛ ሐዲዱን ሲቆርጥ

የቤት ሐዲድ ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው ሰፊና ቀጭን ወለል ነው፤ አምስት ወይም ስድስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ኤምዲኤፍ ወይም ኮምፔንሳቶ ይሠራል። ሁለተኛው በወለሉ ላይ የሚጣበቅ ዘንግ ነው፤ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረትና ስምንት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሆኖ፣ ያ የተመሰከረለት ቀጥ ያለ ጠርዝ በእርሱ ላይ ይገኛል። መጋዙ ከታቹ ጠፍጣፋ የብረት ገበታ አለው፤ ሲቆርጥ ይህ ገበታ በወለሉ ላይ እየተንሸራተተ ጎኑ የዘንጉን ጠርዝ ይታከካል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ግን ባትሪው ይወጣል ወይም ሶኬቱ ይነቀላል፤ ከዚያ መጋዙ ራሱ ይፈተሻል። ከዲስኩ አንድ ጥርስ ላይ ምልክት ተደርጎ፣ ያ ጥርስ ከፊት ሲሆንና ዞሮ ከኋላ ሲሆን ከገበታው ጠርዝ ያለው ርቀት ይለካል። ሁለቱ ልኬቶች እኩል መሆን አለባቸው። ዲስኩ ከገበታው ጋር ትይዩ ካልሆነ፣ ሐዲዱ የቱንም ያህል ቀጥ ያለ ቢሆን ዲስኩ ቦዩን በሰያፍ እየታገለ ይሄዳል። ብዙ ሰው ሐዲዱን የሚወቅሰው ይህን ሳይፈትሽ ነው።

በአብዛኞቹ መጋዞች ላይ ዲስኩ በሞተሩ አንድ ጎን ስለሚገኝ ገበታው በአንድ በኩል ሰፊ፣ በሌላው በኩል ጠባብ ነው። በዘንጉ ላይ የሚታከከው ሰፊው ጎን ነው። ከዚያ ጎን እስከ ዲስኩ ያለው ርቀት 12 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ወለሉ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው። ከአንዱ ጠርዝ ስምንት ሴንቲ ሜትር ለሞርሳ ማጥበቂያ ይተዋል፤ ቀጥሎ ስምንት ሴንቲ ሜትር ለዘንጉ ይያዛል፤ ከዘንጉ ፊት 14 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። መጋዙ የሚፈልገው 12 ብቻ ስለሆነ ሁለት ሴንቲ ሜትር ትርፍ አለ ማለት ነው። ይህ ትርፍ ሆን ተብሎ የሚተው ነው።

ዘንጉ በኮላ ተቀብቶ ይቀመጣል። ቀጥታው እንዳይጠፋ ኮላው ሳይደርቅ በተወጠረ ክር ይፈተሻል፤ ከዚያ ከወለሉ በታች በኩል በአጫጭር የእንጨት ብሎኖች ይታሰራል። የብሎኖቹ ራስ እንጨቱ ውስጥ ካልሰመጠ የሚቆረጠውን ሰሌዳ ይቧጭራል። ኮላው ደርቆ ሲያልቅ ሐዲዱ በሥራ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ይታሰራል፤ ትርፉ ክፍል ወደ አየር እንዲወጣ ይደረጋል። መጋዙ ገበታውን በዘንጉ ላይ አስደግፎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል። ሁለቱ ሴንቲ ሜትር ትርፍ ተቆርጦ ይወድቃል።

የዚህ መሣሪያ ብልሃት ሁሉ ያለው በዚህች አንዲት ጉዞ ነው። ከአሁን በኋላ የወለሉ ጠርዝ ዲስኩ በትክክል የሚያልፍበት መስመር ሆኗል። ሠሪው ከገበታው እስከ ዲስኩ ስንት ሚሊ ሜትር እንዳለ ማወቅ፣ መደመርና መቀነስ አያስፈልገውም። እንጨቱ ላይ ሁለት ነጥብ አድርጎ የሐዲዱን ጠርዝ በነጥቦቹ ላይ ማሳረፍ ብቻ ነው። መጋዙ የራሱን መለኪያ ራሱ ስለቆረጠ፣ በልኬት ላይ ሊፈጠር ይችል የነበረው ስሕተት ከነጭራሹ ተወግዷል። በዚህ ረገድ የቤቱ ሐዲድ ከሱቁ አይለይም፤ ውዱ የአሉሚኒየም ሐዲድም በጠርዙ ላይ ያለውን የጎማ ቅጠል በመጀመሪያው ቀን በባለቤቱ መጋዝ ያስቆርጠዋል።

ሌላም ጥቅም አለው። ኮምፔንሳቶ የሚሠራው ስስ የእንጨት ልጦች ጭረታቸው እየተሻገረ ተደራርቦ ነው። የመጋዙ የፊት ጥርሶች ከታች ወደ ላይ ስለሚቆርጡ የላዩን ልጥ ወደ ላይ እየገፉ ይሰነጥቁታል። የሐዲዱ ወለል ግን እስከ ዲስኩ ድረስ ተጠግቶ ልጡን ከላይ ስለሚጫነው መሰንጠቂያ ቦታ አያገኝም። ንጹሕ የሚሆነው በሐዲዱ ሥር ያለው ጎን ብቻ መሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም። ስለዚህ ሐዲዱ ሁልጊዜ በሚፈለገው ክፍል ላይ ይታሰራል፤ ዲስኩ የሚበላው 1.5 ሚሊ ሜትር ደግሞ ከሚጣለው ቁራጭ ይወሰዳል።

ለጀማሪ 150 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሐዲድ ይበቃዋል። ሰሌዳውን በስፋቱ፣ በ122 ሴንቲ ሜትሩ ለመቁረጥ በሁለቱም ጫፍ 14 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ስለሚኖረው መጋዙ እንጨቱን ከመንካቱ በፊት ገበታው ዘንጉን ይዞ ይቆማል። ያለዚህ ትርፍ የመጀመሪያዎቹ ሴንቲ ሜትሮች ይንሻፈፋሉ። 244 ሴንቲ ሜትሩን በርዝመቱ የሚቆርጥ ሐዲድ ከሰሌዳው የበለጠ መርዘም ስላለበት ሁለት ቁራጮችን መቀጠል ይጠይቃል፤ ቅጥሉ ደግሞ የጉብጠት ምንጭ ነው። በባሕረ ሰላጤው አካባቢ ያሉ ትልልቅ የግንባታ ዕቃ መደብሮች ሰሌዳውን በርዝመቱ ስለሚሰነጥቁ ያን ለእነርሱ መተው ብልህነት ነው። የተሰነጠቀው ሰሌዳ በተራ መኪና ውስጥም ይገባል።

ዘንጉ ለምን 12 ሚሊ ሜትር ብቻ እንዲሆን ተፈለገ? የመጋዙ ሞተር ከዘንጉ በላይ አልፎ ስለሚሄድ ነው። ዘንጉ ወፍራም ከሆነ ዲስኩ ወደ ታች ሲወርድ ሞተሩ ከዘንጉ ጋር ይጋጫል። ሞርሳዎቹም በዚሁ ምክንያት ከሞተሩ መንገድ ርቀው ከዘንጉ ጀርባ ይታሰራሉ። መጋዙን በእጅ ብቻ፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ ማመላለስ ይህን ሁሉ አስቀድሞ ያሳያል።

ሰሌዳው ሲቆረጥ

ሐዲዱ የመጋዙን መጠማዘዝ ይከለክላል እንጂ እንጨቱ በዲስኩ ላይ እንዳይዘጋ ማድረግ አይችልም። ሰሌዳው በሁለት ወንበሮች ላይ ጫፍና ጫፉ ብቻ ተደግፎ መካከሉ ቢቆረጥ፣ ቦዩ ከላይ ተጨምቆ ዲስኩን ይነክሰዋል። ስለዚህ ሰሌዳው በሙሉ መደገፍ አለበት። በአሜሪካ ብዙዎች አምስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የግድግዳ ፎም መሬት ላይ ዘርግተው በላዩ ላይ ይቆርጣሉ፤ ዲስኩ ፎሙን ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢጭረው ጉዳት የለውም። በአገር ቤት አራት እኩል ሞራሌዎች መሬት ላይ ተጋድመው ያንኑ ያደርጋሉ፤ ሁለቱ በሚፈለገው ክፍል፣ ሁለቱ በሚጣለው ክፍል ሥር። እግረ መንገድ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ሰጋቱራ፣ ሞራሌ፣ ስኳድራና ኮላ ሁሉም ከጣሊያንኛ የገቡ ቃላት ናቸው። የመርካቶ አናጢና የሚላኖ አናጢ ስለ ሌላ ነገር ባይግባቡ ስለ መጋዝ አቧራ ይግባባሉ።

ዲስኩ ከሰሌዳው በታች ከስድስት ሚሊ ሜትር በላይ ብቅ ማለት የለበትም፤ የሐዲዱ ወለል ውፍረትም በዚህ ስሌት ውስጥ ይገባል። ዲስኩን እስከ መጨረሻው ማውረድ እንጨቱ ውስጥ ያለውን ርዝመት ከ12 ወደ 17 ሴንቲ ሜትር ያሳድገዋል፤ በዚያው ልክ ይነከሳል። ማዕዘኑ ቀጥ ያለ መሆኑ በትንሽ ስኳድራ ብቻ አይታመንም። ከማዕዘኑ በአንዱ ጎን 60፣ በሌላው 80 ሴንቲ ሜትር ተለክቶ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት 100 ከሆነ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ነው፤ ግንበኞች መሠረት ሲያወጡ የሚጠቀሙበት የሦስት፣ አራትና አምስት ሕግ ነው።

ሠሪው በዲስኩ ትይዩ ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ይቆማል። ዲስኩ ሙሉ ፍጥነቱን ሳይዝ እንጨቱን አይነካም፤ ቆርጦ ከጨረሰም በኋላ ፈጽሞ ሳይቆም አይነሣም። የዲስኩን የታችኛ ክፍል የሚሸፍነውን ተንቀሳቃሽ መከለያ በሽቦ አስሮ መክፈት በብዙ ቦታ የሚታይ ልማድ ነው። መከለያው ክፍት ሆኖ መሬት ላይ የተቀመጠ መጋዝ ገና እየዞረ ከሆነ ጭን ላይ ሊወጣ ይችላል። ሰፊ እጅጌ፣ ሻሽ፣ ነጠላና የተንጠለጠለ የአንገት ማተብ ሳይቀር ከሥራው በፊት መሰብሰብ አለባቸው።

ጆሮና ሳንባም ይጎዳሉ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም ለስምንት ሰዓት የሚፈቅደው ድምፅ 85 ዴሲቤል ነው፤ በየሦስት ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ስለሚቀንስ ለ100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ክብ መጋዝ በቀላሉ ከዚህ በላይ ይጮኻል። የእንጨት አቧራን ደግሞ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉት ነገሮች ምድብ አስገብቶታል። የኤምዲኤፍ አቧራ እጅግ የላመ ስለሆነ ከሌላው ይበልጥ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ሙጫውም ብዙውን ጊዜ ፎርማልዴሃይድ ያለበት ነው። የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ ከእነዚህ ሰሌዳዎች የሚወጣውን ፎርማልዴሃይድ የሚገድብ ደንብ አለው። የመኪና ማቆሚያውን በር ከፍቶ፣ ጭምብል፣ መነጽርና የጆሮ መሸፈኛ አድርጎ መሥራት ከዚያ ሁሉ የሚቀልል ነው።

መጋዙ ወደ አገር ቤት ሲላክ

ከኦክላንድና ከሳን ሆዜ ወደ ኢትዮጵያ በሻንጣ ከሚላኩ ዕቃዎች መካከል የእጅ መሣሪያዎች ይገኙበታል። ለወንድም ወይም ለአጎት ልጅ የሥራ መነሻ እንዲሆን የተገዛ መጋዝ በመጀመሪያው ቀን ጭስ አውጥቶ ሊቀር ይችላል። የአሜሪካ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ሲሆን የኢትዮጵያ 220 ነው። ለ120 ቮልት የተሠራ መጋዝ 220 ላይ ሲሰካ ሞተሩ ከታቀደለት ፍጥነት በላይ ይሽከረከራል፤ ወዲያው ይግልና ይቃጠላል። ከመቃጠሉ በፊት ያለው ቅጽበት ደግሞ ይበልጥ አደገኛ ነው፤ እያንዳንዱ ዲስክ ሊሸከመው የሚችለው የፍጥነት ወሰን በላዩ ላይ የተጻፈው በከንቱ አይደለም።

ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር መጠቀም ይቻላል፤ ነገር ግን 15 አምፔር የሚስብ መጋዝ በሥራ ላይ 1,800 ዋት ስለሚፈልግና ሲነሣ ለቅጽበት ከዚያ በላይ ስለሚስብ ትራንስፎርመሩ ትልቅና ከባድ መሆን አለበት። ዋጋው ከመጋዙ ሊበልጥ ይችላል። በባትሪ የሚሠራ መጋዝ ከዚህ ይሻላል፤ ሆኖም የባትሪውን መሙያ ጀርባ ማንበብ ያስፈልጋል። ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚቀበል ከተጻፈበት የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል። 120 ብቻ ከሆነ ግን መሙያው መጋዙን ቀድሞ ይቃጠላል፤ አሜሪካ ውስጥ ከሚሸጡት ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ናቸው። መርካቶ ውስጥ 220 ቮልት መጋዝ ማግኘት ስለሚቻል ከመጋዙ ይልቅ ጥሩ ዲስክ መላክ ሳይሻል አይቀርም፤ የመሃል ቀዳዳው ልክ አስቀድሞ ከተጠየቀ።

ሐዲዱ ራሱ መላክ አያስፈልገውም፤ እዚያው ይሠራል። ሲሠራም ላዩ ላይ የመጋዙና የዲስኩ ዓይነት በእርሳስ ቢጻፍበት ይጠቅማል። ወፍራም ዲስክ ወይም ሌላ መጋዝ በተተካ ጊዜ የወለሉ ጠርዝ ከዲስኩ መንገድ ጋር መግጠሙን ያቆማል። አዲሱ ዲስክ ወደ ሐዲዱ ከገባ ጠርዙን እንደገና ይከረክመዋል፤ ከዚያ ወዲህ ቀድሞ የነበረው ዲስክ ክፍተት ትቶ ያልፋል። ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ሐዲድ ደግሞ በሳምንታት ውስጥ ይጎብጣል። ጠፍጥፎ ይተኛል፤ ቦታ ከጠፋም በአንድ ጫፉ ቀዳዳ ተበጅቶለት በምስማር ላይ ይንጠለጠላል።